የካሜራ ቃላት ለጀማሪው አባቴ

4.

ሜሞሪ ካርድን ብርሃን አያበላሸውም።

አያበላሸውም።

አባዬ፣ አያበላሸውም አልኩህ!


5.

ከ1 እስከ 3 ያሉትን ገጾች አትፈልጓቸው፤ ቀድጃቸዋለሁ። «ውድ ጀማሪ፣ ወደ ዲጂታል ፎቶግራፍ ዓለም እንኳን በደህና መጡ» የሚል መግቢያ ነበራቸው። በብዙ ትሕትና የተጻፉ ነበሩ። ትሕትናዬ ከሦስት ገጽ በላይ አልዘለቀም።

ይህ ደብተር የተጀመረው ለአንድ አንባቢ ነው። አንባቢው ይመር አሊ ይባላል፤ ዕድሜው ሰባ አንድ ነው። ደሴ ላይ «ፎቶ ይመር» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ፎቶ ሲያነሳ ኖሯል፤ ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለሠርግ፣ ለሐዘን። አባቴ ነው። እኔ መዲና ነኝ፣ ልጁ። ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ በአንድ ክፍል ስልሳ ተማሪ። ይህን የምነግራችሁ ትዕግሥት ያለኝ ሰው ነኝ ብዬ አስብ እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው።

ፊልም ከገበያ ሲጠፋ ስቱዲዮው ተዘጋ፣ አባዬም ቤት ዋለ። ዘንድሮ ወንድሜ ሰይድ ከአዲስ አበባ ዲጂታል ካሜራ ላከለት። ከካሜራው ጋር ሁለት ሜሞሪ ካርድ አብሮ መጣ። ሁለቱም የአውራ ጣት ጥፍር ያህላሉ፤ አንዱ ብዙ ፎቶ ይይዛል፣ ሌላው ጥቂት። ብዙ የሚይዘውን ካሜራው ውስጥ ከተትኩት። ሌላውን «መጠባበቂያ ይሁን» ብዬ የቡፌው መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩና ረሳሁት።

ሰይድ በስልክ ምን አለኝ? «ሁለት ቀን ቁጭ ብለሽ ብታሳዪው ይበቃዋል።»

ሁለት ቀን።

አሁን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው።


6. ሜሞሪ ካርድ (ድጋሚ)

ያነሳኸው ፎቶ የሚቀመጥበት ዕቃ ነው። ይወጣል፣ ይገባል። ሲሞላ ያለውን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠህ እንደገና ትጠቀምበታለህ። ፊልም አይደለም። አይታጠብም። አይቃጠልም።

የመጀመሪያው ቀን «እስቲ ካርዱን አውጣው» አልኩት። ተነሳና መጋረጃውን ዘጋ። ከዚያ ጋቢውን ከላይ ደረበና ካሜራውን እንደያዘ ውስጥ ገባ። ከውጭ የሚታየኝ የሚንቀሳቀስ ጋቢ ብቻ ነበር።

እኔ፦ አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?

አባዬ፦ (ከጋቢው ውስጥ) ካርድ አውጣ አላልሽኝም?

እኔ፦ ጋቢ ውስጥ ግባ አልተባለማ!

አባዬ፦ ብርሃን እንዳያገኘው ነዋ።

እኔ፦ ፊልም አይደለም እኮ። ፀሐይ ላይ ብታሰጣው ምንም አይሆንም።

አባዬ፦ አንቺ የሰው ሠርግ ብርሃን ገብቶበት ሲቃጠል አይተሽ ታውቂያለሽ?

እኔ፦ አላውቅም።

አባዬ፦ እኔ አውቃለሁ። ሙሽራዋም ዛሬ ድረስ ሰላም አትለኝም። ዝም በይ።

ካርዱ ወጣ። ተመልሶ ሲገባም ጋቢ ውስጥ ነው የገባው። ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወደ ጓዳ ሄድኩና ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ አልሳቀችም።


7. ሜጋፒክስል

ዲጂታል ፎቶ የሚሠራው ከጥቃቅን ነጥቦች ነው። አንዷ ነጥብ ፒክስል ትባላለች። አንድ ሚሊዮን ፒክስል አንድ ሜጋፒክስል ነው። ነጥቦቹ ሲበዙ ፎቶውን አስፍተህ ብታሳትመውም አይደበዝዝም። የአንተ ካሜራ ሃያ አራት ሜጋፒክስል አለው።

አባዬ፦ ሃያ አራት ብቻ?

እኔ፦ አዎ። ብዙ ነው።

አባዬ፦ ምኑ ነው ብዙ? አንድ ፊልም እኮ ሠላሳ ስድስት ፎቶ ያነሳ ነበር።

ይህን ለማስተካከል ሃምሳ ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ሃምሳ ደቂቃ። በሃምሳ ደቂቃ ለስልሳ ልጆች የፒታጎረስን ቀመር ጨርሼ መልመጃ እሰጣለሁ። መጨረሻ ላይ «ገባኝ» አለ። በማግስቱ ለጎረቤታችን «ልጄ ሃያ አራት የሚያነሳ ካሜራ ላከልኝ፣ ትንሽ ታንሳለች እንጂ ደህና ናት» ሲለው ሰማሁት።


8. ስክሪን

የካሜራው ጀርባ ላይ ያለው መስኮት ነው። ያነሳኸውን ፎቶ ወዲያው ያሳይሃል።

አባዬ የካሜራውን ስክሪን በፕላስተር ሸፈነው።

ነጭ የቁስል ፕላስተር ነው፣ ሁለት ድርብ። ምክንያቱን ስጠይቀው «ፎቶ ሐሙስ ነው የሚታየው» አለኝ። ይህን ለማታውቁት ላስረዳ። ፎቶ ይመር ውስጥ ሰኞ የተነሳም፣ ቅዳሜ የተነሳም፣ የሚረከበው ሐሙስ ነበር። አባዬ ፊልም የሚያጥበው ረቡዕ ረቡዕ ነው። እስከዚያ ድረስ የእያንዳንዱ ደንበኛ ፊልም በጥቁር የፊልም ዕቃ ተከቶ፣ በላዩ ላይ ስሙ ተጽፎ፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሐሙስ ጠዋት በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። ሰዉ ፎቶውን ሲቀበል እንዴት እንደሚያይ እኔም አስታውሳለሁ፤ በሁለት እጁ ይዞ፣ ወደ ብርሃኑ ዞሮ።

እና አሁን፣ ምንም የሚታጠብ ነገር በሌለበት፣ ጨለማ ክፍሉ የሽንኩርት ማስቀመጫ ከሆነ ስንት ዓመቱ፣ ሐሙስ መጠበቅ አለብን።


9. ፎርማት

ወደ በኋላ እንመለስበታለን።


10. ሻተርና አፐርቸር

እነዚህን ለማስተማር ብዙ ተዘጋጅቼ ነበር። አፐርቸር ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ነው፤ ሻተር ደግሞ ከቀዳዳው ጀርባ የሚከፈትና የሚዘጋ በር። የቧንቧ ውኃና ብርጭቆ ይዤ መጣሁ። ቧንቧውን በሰፊው ከከፈትከው ብርጭቆው ቶሎ ይሞላል፣ በጠባቡ ከከፈትከው ብዙ ትጠብቃለህ። ብርሃንም እንደዚሁ ነው አልኩት። ሠርቶ ማሳያዬ ወለሉን አረጠበ።

አባዬ በአክብሮት አዳመጠኝ። ከጨረስኩ በኋላ ወደ መስኮቱ ዞር አለ። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ወርዶ ነበር።

«አሁን ለዚህች ብርሃን ቀዳዳውን አምስት ነጥብ ስድስት፣ ፍጥነቱን አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ነው የምሰጣት» አለ።

ካሜራውን ወስጄ በአውቶ፣ ማለት ራሱ እንዲለካ አድርጌ፣ ለካሁ።

5.6። 1/125።

ይህን ቁጥር ከደብተሩ ልሰርዘው አስቤ ነበር። ተናድጄ ነው የተውኩት።


11. በተከታታይ ማንሳት

ቁልፉን ተጭነህ ስትይዘው ካሜራው እስክትለቅ ድረስ ያነሳል። በሰከንድ ስምንት ፎቶ። ሰው ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ አንዱ ላይ ይገኛል።

አባዬ ግን አንዴ ብቻ ነው የሚጫነው። ትንፋሹን ይይዛል፣ ያያል፣ ያያል፣ ያያል፣ ቀጭ ያደርጋታል፣ ካሜራውን ያስቀምጣል። ለልምምድ የግድግዳውን ሰዓት አንሳ ብዬው በቀን አንዴ ያነሳ ነበር፤ ልክ መድኃኒት እንደታዘዘለት።

እኔ፦ ድገማት!

አባዬ፦ ለምን?

እኔ፦ የመጀመሪያው ባይወጣስ?

አባዬ፦ ደህና አድርጌ አይቼዋለሁ እኮ። ሁለተኛው ምን ያደርግልኛል?

እኔ፦ አባዬ፣ አያልቅም! ይኸው፣ አያልቅም፣ እየው!

ከእጁ ነጠቅኩና ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩት። ቀጭቀጭቀጭቀጭ። ከሰዓቱ ወደ ድመቷ፣ ከድመቷ ወደ በሩ፣ ተመልሼ ወደ ሰዓቱ። እሱ ጆሮውን ይዞ ነበር። የፎቶውን ጥራት ደግሞ የመጨረሻው ከፍተኛ ላይ አድርጌዋለሁ፤ እያንዳንዱ ፎቶ ብዙ ቦታ ይበላል። ለቀናት እንዲህ እያደረግኩ «አየህ? አያልቅም» ስለው ሰነበትኩ።

ያልቃል። በዚህ ጉዳይ ላይ እሱ ልክ ነበር፣ እኔ ተሳስቼ ነበር። ካርዱን የሞላው የእኔ ጣት ነው።


12. ዙም

አባዬ፦ አንድን ሰው ማጉላት ከፈለግሽ ተነሽና ወደ ሰውየው ጠጋ በይ።

እሺ። ቢሆንም እጽፋለሁ። አንዴ የተነሳን ፎቶ ስክሪኑ ላይ አቅርቦ ለማየት የመደመር ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጫን። ደጋግመህ ስትጫናት የበለጠ ይቀርባል። ስክሪኑን በፕላስተር ለሸፈነ ሰው ይህ ምን ይጠቅመዋል? ምንም።


13. ፎርማት

ገና ነው አልኩ እኮ።


14.

እናንተ ደግሞ። ካሜራ ልትማሩ መጥታችሁ የሰው ቤት ጉዳይ ስታዩ ዋላችሁ። ቃላት ከሆነ የምትፈልጉት እስካሁን ስድስት ያህል ሰጥቻችኋለሁ። የቀረውን ለማወቅ ካልቸኮላችሁ የሚቀጥለውን ቁጥር አንብቡ፤ የካሜራ ቃል የለበትም።


15. እማዬ

ስሟ ሐዋ ነው። ፎቶ ይመር ውስጥ ያልተጻፈ የሥራ ድርሻ ነበራት፤ የታጠበውን ፎቶ በገመድ ላይ ታሰጣለች፣ ሲደርቅ ጠርዙን በመቀስ ታስተካክላለች። የግማሽ ደሴን ፊት በእጇ ይዛ አይታዋለች።

የእሷ ፊት ያለበት ፎቶ ግን ቤታችን ውስጥ አራት ብቻ ነው። በአራቱም ሻርፗ እስከ አገጯ ድረስ ተጠምጥሟል። በእኔ ምረቃ ጊዜ የተነሳነው ላይ ደግሞ አበባዬን ከእጄ ወስዳ አንገቷ ላይ ይዛዋለች። እንቅርት አለባት። እኔ ሳልወለድ ነው የጀመረው፤ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ልጅ ሆኜ ፀጉሯን ስትታጠብ አንድ ሁለቴ አይቼዋለሁ። ባየሁት ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። የሰፈር ሴቶች ብዙዎቹ አለባቸው፣ አይደብቁትም። እሷ ደበቀችው።

ዘንድሮ ማታ ማታ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሐኪሙ አየና «መተንፈሻዋን ተጭኖታል፤ ይውጣ» አለ። ቀጠሮ ተሰጣት። ማክሰኞ።


16. ባትሪ

ካሜራህ የሚሠራበት ኃይል ነው። ሳያልቅ ቻርጅ አድርገው።

ከቀጠሮዋ በፊት የነበረው እሑድ እማዬ ጠራችኝና «ሂጂ ባትሪ ግዢ» አለችኝ። ለካሜራው አይደለም፤ ለግድግዳው ሰዓት። ሰዓቱ አራት ከሩብ ላይ ከቆመ ከወር በላይ ሆኖታል። ስናነሳው የከረምነው የቆመ ሰዓት ነው። ለወር ያልታሰበ ባትሪ ያን ዕለት ለምን እንዳስቸኮላት አልጠየቅኩም። የአርባ ተማሪ ፈተና ሳላርም ተቀምጬ ነበር፤ እያጉረመረምኩ ወጣሁ።

ስመለስ መጋረጃው ተዘግቷል። አባዬ መደቡ ላይ ጋቢ ውስጥ ነው፣ ራሱ አይታይም። እማዬ ከመስታወቱ ፊት ቆማ ሻርፗን ትጠመጥማለች።

«አሁን ደግሞ ምን ሆንክ አባዬ?» አልኩ።

«ምንም» አለ ጋቢው።

ካርድ የማውጣት ልምምዱ መሰለኝ። ዓይኔን ወደ ጣሪያው ሰቅዬ ወደ ፈተናዬ ተመለስኩ።


17. «ካርዱ ሞልቷል»

ይህ ካሜራህ የሚሰጥህ ማስጠንቀቂያ ነው። አትደንግጥ። ያሉትን ፎቶዎች ወደ ኮምፒውተር ገልብጥ፣ ከዚያ ካርዱን አጽዳ። መጀመሪያ ገልብጥ። ከዚያ አጽዳ። ቅደም ተከተሉን አትርሳ።

ሰኞ ጠዋት።

«መዲ፣ ይኼ ነገር እምቢ አለ» አለ አባዬ ካሜራውን ይዞ። ቁልፉን ቢጫነው ጥዝዝ ይላል እንጂ አያነሳም። ፕላስተሩን አንስቼ አየሁ፤ ካርዱ ሞልቷል ይላል። ያላረምኩት ፈተና ሃያ ሰባት ቀርቶኛል፣ ማክሰኞ ሆስፒታል ነኝ፣ የእማዬ ልብስ አልታሸገም፣ እና አባቴ የግድግዳ ሰዓት ማንሳት አቃተኝ ይለኛል።

ነጠቅኩት። ሜኑ። ወደ ታች። ወደ ታች። እሺ። «ፎርማት፤ ሁሉም ይጠፋል፣ ይቀጥል?» አለኝ። ይቀጥል።

ሦስት ሰከንድ።

ፕላስተሩን መልሼ ለጠፍኩና ሰጠሁት።

«ምን አደረግሽው?»

«አስተካከልኩት» አልኩ።


18. ፎርማት




19. ማክሰኞ፣ ሆስፒታል

የሆስፒታሉን አረንጓዴ ጋውን አልብሰዋታል። ሻርፕ አይፈቀድም ስላሉ አንሶላውን እስከ አገጯ ስባለች። አባዬ ወረቀት ሊያስፈርም ወጥቶ እኔና እሷ ብቻ ነን።

እማዬ፦ መዲ፣ ቅረቢ። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትስቂ።

እኔ፦ አልስቅም።

እማዬ፦ እሑድ ዕለት ይመር አነሳኝ። ያለ ሻርፕ። ይህን ያህል ዓመት ተሸክሜው ነው የኖርኩ። ዛሬ ቆርጠው ሊጥሉት ነው። ሳላየው እንዲሄድ አልፈለግሁም።

እኔ፦ መስታወት አለ አይደል፣ እማዬ?

እማዬ፦ መስታወት ፊት የምቆመው ልሸፍነው ነው። ላየው ብዬ ቆሜ አላውቅም። «አንዴ ብቻ ተጫን» አልኩት። እሱም አንዴ ብቻ ተጫነ። «ሐሙስ ይደርስልሻል» አለኝ፣ ልክ እንደ ድሮው። (ሳቀች።) ሐሙስ ቤት ስገባ አየዋለሁ። ምነው? ፊትሽ ጠቆረ። አይዞሽ፣ ቀላል ነው ብሏል ሐኪሙ።

መጡና ወሰዷት። እሷ እኔን አይዞሽ እያለች ነው በሩ የተዘጋው።

እሑድ።

ሰኞ።

ቅደም ተከተሉን በጣቴ ቆጠርኩት። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ሁለት ቀን ለመቁጠር ጣት አያስፈልገኝም። ግን ቆጠርኩት።


20. የጠፋ ፎቶ ማስመለስ

ሀ. ካርዱን ወዲያው ከካሜራው አውጣ። ሌላ ፎቶ አታንሳበት።

ለ. እናትህ ከቀዶ ጥገና እስክትወጣ ጠብቅ። «በሰላም ወጥታለች» ሲሉህ አልሐምዱሊላህ በል፣ አልቅስ። ለምን እንደምታለቅስ አባትህ አይጠይቅህም።

ሐ. አባትህን «ቻርጅ ላድርገው» ብለህ ዋሸውና ካርዱን ይዘህ ሩጥ።

መ. ራሔል የምትባል የትምህርት ቤት ጓደኛ ይኑርህ፤ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ሱቋ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው።

ሠ. ሦስት ሰዓት በእንጨት ወንበር ላይ ተቀመጥ።

ራሔል፦ መጣልሽ! ኧረ ብዙ ነው።

እኔ፦ የእማዬ አለ?

ራሔል፦ ሰዓት ነው ያለው። ሰዓት… ሰዓት… ድመት… ሰዓት። በር። ይኼ የማን እግር ነው?

እኔ፦ የእኔ። ቀጥዪ።

ራሔል፦ ሰዓት። መዲ፣ ሁሉም ላይ አራት ከሩብ ነው።

እኔ፦ አንዲት ሴት፣ ያለ ሻርፕ። አንድ ፎቶ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ የተነሳ።

ራሔል፦ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ሁለት ፎቶ ነው፣ ሁለቴ አየሁት። ሴት የለም።

እኔ፦ ሌላው ሁሉ ወጥቶ እሷ ብቻ እንዴት አትወጣም?

ራሔል፦ አንዳንዱ አይመለስም። ምን ላድርግልሽ፣ እህቴ?

አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ሁለት የእኔ ፎቶ ተመለሰ። እናቴ አልተመለሰችም። ያንን አንገት አሁን ማንም ሊያነሳው አይችልም፤ ቆርጠው ጥለውታል።


21. ለአባዬ እንዴት እንደምነግረው (ረቂቆች)

«አባዬ፣ ካርዱ ራሱ ተበላሽቶ…» ውሸት ነው።

«አባዬ፣ ስክሪኑን ባትሸፍነው ኖሮ እኮ እኔም አይቼው…» ጥፋቱን ወደ እሱ ማዞር። በዚህ ጎበዝ ነኝ፤ ሦስት ሳምንት ተለማምጄዋለሁ።

«አባዬ፣ ደግመህ ብትጫን…» ቢደግምም ይጠፋ ነበር፣ አንቺ ግብዝ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ።»

«አባዬ»


22. ሐሙስ

እማዬን ከቀትር በኋላ አመጣናት። አንገቷ ላይ ነጭ ፋሻ አለ። ብዙ እንዳታወራ ተነግሯታል። ትራስ ደራርበን መደቡ ላይ አስቀመጥናት። ገና ከመቀመጧ አባዬን አየችውና መዳፏን ዘረጋች። ደሴ ሁሉ ሐሙስ ሐሙስ ለአባቴ እንደዘረጋው መዳፍ።

እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። አሁን ካልተናገርኩ ካሜራውን ከፍቶ መልሼ የከተትኩትን ካርድ በፊቷ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል።

«አባዬ» አልኩ።

«ቆይ» አለኝ።

ካሜራውን አላነሳም። ወደ ቡፌው ሄደ። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከሻይ ብርጭቆዎቹ ጀርባ፣ ጥቁር የፊልም ዕቃ አወጣ። በላዩ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። በፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ፣ በዚያ በአርባ ዓመት ጽሕፈቱ፣ «ሐዋ፤ እሑድ» ይላል። ክዳኑን ከፈተ። በብር ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

ትንሿ ካርድ ናት። መሳቢያ ውስጥ የወረወርኳት።

«ይህ… እንዴት…» አልኩ።

«እንዴት ማለት ምንድን ነው?» አለ ተቆጥቶ። «የደንበኛ ፊልም ካሜራ ውስጥ አያድርም። ከልምምድ ጋርም አይቀላቀልም። እናትሽን ከድመት ጋር አንድ ፊልም ላይ ላነሳት ነው?»

እሑድ ዕለት ጋቢ ውስጥ ሲያደርግ የነበረው ይህንን ነው። ትንሿን ካርድ ከትቶ እማዬን አነሳት፤ ካርዷን አውጥቶ በጥቁሩ ዕቃ ዘጋባት፤ የሰዓቶቹን ካርድ መለሰ። እኔ ዓይኔን ወደ ጣሪያ ሰቅዬ ነበር።

ካሜራውንና ዕቃዋን ይዞ መደቡ ላይ ተቀመጠና ጋቢውን ወደ ራሱ ሳበ።

አልሳቅኩም። ካርዱን ብርሃን አያበላሸውም አላልኩም። ሄጄ መጋረጃውን ዘጋሁለት፣ ጥግ ላይ የቀረችውን ክፍተትም በእጄ ያዝኳት።


23. ዙም (ድጋሚ)

ከጋቢው ወጣ። ፕላስተሩን ከስክሪኑ ላይ ቀስ ብሎ ላጠው። ካሜራውን ለእማዬ ሰጣት። በሁለት እጇ ተቀበለችው።

እኔ ካለሁበት ስክሪኑ አይታየኝም ነበር። አሳዩኝ አላልኩም። የማየው የእሷን ፊት ነው። መጀመሪያ ቸኩላ አየች፣ ከዚያ ካሜራውን አራቀችው፣ ከዚያ አቀረበችው። የግድግዳው ሰዓት በአዲሱ ባትሪ ይቆጥራል።

«ጨምርልኝ» አለች። ድምፅዋ የሻከረ ሹክሹክታ ነበር።

አባዬ ጠጋ ብሎ አንዲት ቁልፍ አሳያት። «የመደመር ምልክት ያለባት ይቺ ናት። መዲ ጽፋልኛለች፣ ቁጥር አሥራ ሁለት። ደጋግመሽ ስትጫኛት የበለጠ ይቀርባል።»

ደጋግማ ተጫነች። አየች። ነፃ እጇ ሳታውቀው ወደ አንገቷ ሄዶ ፋሻውን ነካ።

«ያን ያህል እኮ አያስፈራም ነበር» አለች።

አባዬ ጋቢውን ያጥፋል፣ ያጠፈውን ይዘረጋል፣ እንደገና ያጥፋል። እኔ መጋረጃውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ከሐፍረትም ነው፣ ከደስታም ነው፣ የትኛው ስንት እጅ እንደሆነ አላውቅም።


24.




ይህ ክፍት ቦታ ፎቶው የሚለጠፍበት ነበር። እማዬ «ለይመር ነው የተነሳሁት፣ ለደብተር አይደለም» ብላለች። እኔም እስከዛሬ አላየሁትም። ክፍት ይሁን።


25.

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ማንም አላወቀብኝም። ራሔል አታወራም። ካርዷ ተገኘች፣ ፎቶው ታየ፣ እማዬ ተኛች፣ ጥፋቴ ማንንም ሳይጎዳ አለፈ። ደብተሩን ዘግቼ ፈተናዬን ላርም።

አባዬ ግን ትንሿን ካርድ በብር ወረቀት ጠቅልሎ ወደ ጥቁሩ ዕቃ መለሰና የሰዓቶቹን ካርድ ካሜራው ውስጥ ከተተ። ፕላስተሩ ተልጧል፤ ስክሪን ማየት ጥሞታል መሰለኝ የልምምድ ፎቶዎቹንም ሊያይ ፈለገ።

«መዲ፣ ሰዓቶቼ የት ሄዱ?»

«እ?»

«ምንም የለም ይላል እኮ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያነሳሁት። ሰኞ አስተካከልኩት ስትዪኝ ምን ነበር ያደረግሽው?»

መነጽሩን አደረገና ደብተሩን ከፊቴ ሳበው። ገጾቹን አንድ በአንድ፣ ጣቱን እያስኬደ ገለበጠ። ቁጥር ዘጠኝ ላይ ቆመ። ቁጥር አሥራ ሦስት ላይ ቆመ። ቁጥር አሥራ ስምንት ላይ፣ ከርዕሱ በታች ምንም የሌለበት ገጽ ላይ፣ ብዙ ቆየ። እማዬ የተኛች መስሎኝ ነበር። ዓይኗ ተከፍቶ እኔን ታያለች።

አባዬ ወደ ባዶ ገጽ ገለበጠና እስክሪብቶውን እጄ ላይ አኖረ።

«ይቺን ቃል ሦስት ጊዜ ዘለልሻት» አለ። «እኔ ጀማሪ ነኝ። አስረጂኝ።»


26. ፎርማት

ፎርማት ማለት፣ አባዬ፣